የፒያኖ እንጀራ

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ሳንጀምር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፒያኖ እንጀራ ይሆናል?

መምህር፦ ለሁሉም አይሆንም። ሰባት ልጅ ያሳደገችበት ሴት ግን አለች። ክላራ ሹማንን ታውቂያታለሽ?

ተማሪ፦ የሮበርት ሹማንን ሚስት?

መምህር፦ ዛሬ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላት። ሲጋቡ ግን በአውሮፓ ስሟ የገነነው እሷ ነበረች። እሱ ድርሰቱ ገና ብዙ አድማጭ ያላገኘ ሰው ነበር።

ተማሪ፦ ማን አስተማራት?

መምህር፦ አባቷ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። በ1819 ላይፕሲክ ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍሪድሪክ ቪክ ፒያኖ ይሸጣል፣ ያስተምራልም። እስከ አራት ዓመቷ አንደበቷ አልተፈታም ነበር። ትንሽ ቆይቶ እናትና አባቷ ተፋቱ፤ ሕጉ ልጅን ለአባት ስለሚሰጥ እሱ ዘንድ ቀረች። በዘጠኝ ዓመቷ ጌቫንድሃውስ በሚባለው ዝነኛ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጣች። የዕለት ማስታወሻዋን እንኳ ለዓመታት የሚጽፈው አባትየው ነበር፤ ያውም በእሷ አፍ፣ «እኔ» እያለ።

ተማሪ፦ ይኼማ ግፍ ነው!

መምህር፦ ግፍ አለበት። ግን ቪክን ጨርሼ አልረግመውም። ቁልፉን መደብደብ አይወድም፤ ፒያኖው እንዲዘፍን ነበር የሚፈልገው። ደግሞ አብራው ስትዞር አዳራሽ እንዴት እንደሚከራይ፣ ፒያኖ እንዴት እንደሚቃኝ፣ ትኬት እንዴት እንደሚሸጥ አይታለች። ይህን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አያስተምርሽም። ሮበርትን ላግባ ስትል ግን አባትየው አሻፈረኝ አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ተረታ፤ እነሱም ሴፕቴምበር 12 ቀን 1840 ተጋቡ። ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ቀርቷት ነበር።

ተማሪ፦ ከዚያ በኋላ እፎይ አለች?

መምህር፦ የት ብላ! ሮበርት ሙዚቃ ሲደርስ ድምፅ ይረብሸዋል፤ ግድግዳው ስስ ነው። እሱ ካልወጣ እሷ መለማመድ አትችልም። በላዩ ላይ እርግዝናው አለ፤ በጠቅላላው ስምንት ወለደች፣ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ። እንዲህም ሆኖ በ1844 ሩሲያ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች። መከራው የመጣው በፌብሩዋሪ 1854 ነው። አእምሮው የታወከው ሮበርት ራይን ወንዝ ውስጥ ዘለለ። ሰዎች አወጡት፤ ቦን አጠገብ ኤንደኒክ ከሚባል የአእምሮ ሕክምና ቤት ገባ። እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሞቹ ከለከሏት፤ ዓይኑን ያየችው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

ተማሪ፦ በምን ኖሩ ታዲያ?

መምህር፦ ወዳጆቿ የእርዳታ ኮንሰርት እናዘጋጅልሽ ቢሏት እምቢ አለች። የመጨረሻ ልጇን ፌሊክስን በጁን ወለደች፤ በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሻንጣዋን ይዛ ከከተማ ከተማ መዞር ጀመረች። ከ1856 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝ ደጋግማ ተመላለሰች።

ተማሪ፦ ልጆቹስ?

መምህር፦ ከፊሎቹ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከፊሎቹ ሰው ዘንድ። ልጆቿን ጥላ ዞረች ብለው የሚወቅሷት አሉ። ማን ሊያበላቸው ኖሯል? ወንድ ፒያኒስት አገር ላገር ሲዞር ልጆችህን የት ጣልካቸው ያለው የለም። ደግሞም ካሳደገቻቸው ሰባቱ የሦስቱን ሞት በሕይወቷ አይታለች፣ አንዱ ወንድ ልጇ አእምሮው ታውኮ ሕክምና ቤት ቀርቷል፤ ፌርዲናንድ የሚባለው ሲታመምና ሲሞት የእሱን ልጆች የደገፈችው እሷ ናት።

ተማሪ፦ ምን ምን ትጫወት ነበር?

መምህር፦ እዚህ ላይ ልብ በይ፤ በእኔ ግምት ትልቁ ሥራዋ ይኸ ነው። በልጅነቷ ዘመን ኮንሰርት ማለት ቅይጥ ነበር። ዘፋኝ ይገባል፣ ኦርኬስትራ ይቀጥላል፤ ፒያኒስቱ ሰው ከሚያውቀው ኦፔራ ዜማ ወስዶ የጣቱን ፍጥነት ያሳያል። እሷም እንዲያ ነበር የጀመረችው። እያደር ግን ያን ትታ የባኽን ፉጋ፣ የቤቶቨንን ሶናታ፣ ሾፓንንና የባሏን ድርሰት ይዛ ቀረበች። ኖታ ሳትዘረጋ በቃሏ ስትጫወት እንደ ድፍረት የቆጠሩባት ነበሩ። ዛሬ ኖታ ዘርግቶ ሶናታ የሚጫወት ሲመጣ ነው ሰው የሚገረመው። ከልጅነት እስከ እርጅና የተጫወተችባቸውን የኮንሰርት ፕሮግራሞች አስቀምጣለች፤ 1,300 ያህል ናቸው።

ተማሪ፦ ራሷስ አልደረሰችም?

መምህር፦ ደርሳለች እንጂ። የፒያኖ ኮንቼርቶዋን በ1835 ስትጫወት ኦርኬስትራውን የመራው ሜንደልሶን ነበር፤ ገና 16 ዓመቷ ነው። ባሏ ከታመመ ወዲህ ግን ድርሰቱን ተወችው ማለት ይቻላል። ይኼ ያሳዝነኛል። የ1846ቱን ትሪዮዋን ስትሰሚ አንቺም ታዝኛለሽ።

ተማሪ፦ እስከ መጨረሻው በመድረክ ብቻ ኖረች?

መምህር፦ ክንዷ ያማት ነበር፤ በ1870ዎቹ ለረጅም ጊዜ መጫወት እስክታቆም ደርሳለች። በ1878 ፍራንክፈርት በሚገኘው የሆኽ ኮንሰርቫቶሪ መምህርት ሆነችና እስከ 1892 አስተማረች። ሁለት ሴት ልጆቿ ረዳቶቿ ነበሩ። የመጨረሻ ኮንሰርቷን በ1891 ሰጠች፤ በ1896 አረፈች። መድረክ ብቻውን አልበቃትም፤ አንቺንም አይበቃሽም። ማስተማሩን ካሁኑ ተለማመጂ።

ተማሪ፦ አጨዋወቷን ዛሬ መስማት ይቻላል?

መምህር፦ አልተቀረጸችም። ተማሪዎቿ ፋኒ ዴቪስና አዴሊና ደ ላራ ግን በሸክላ አሉ። ፋኒ የሮበርትን ኮንቼርቶ ያስቀረጸችው በ1928 ነው። ፈልገሽ ስሚው፤ ከዛሬዎቹ ጋር አስተያይተሽ የታዘብሽውን ጽፈሽ አምጪልኝ።