ከሶፍትዌሩ በፊት መዝገቡ፦ የክምችት መረጃ ትክክለኛነት በአምራች ድርጅቶች የኢአርፒ ትግበራ ውስጥ ያለው ሚና

አጽሕሮተ ጥናት
የድርጅት ሀብት ዕቅድ ሥርዓትን (ኢአርፒ) ትግበራ የሚመለከቱ ጽሑፎች በአብዛኛው የበላይ አመራርን ድጋፍና የሠራተኞችን ሥልጠና ያጎላሉ። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ጎን ለጎን መመዘን ያለበትን ሌላ ጉዳይ ያነሣል፤ እርሱም ሥርዓቱ የሚያሰላበት የክምችት መረጃ ትክክለኛነት ነው።

1. የስሌቱ መሠረት
ኢአርፒ በአምራች ድርጅት ውስጥ የሚያከናውነው ዋና ስሌት፣ ጆሴፍ ኦርሊኪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካዳበረው የግብዓት ፍላጎት ዕቅድ የወረሰው ነው። ከጠቅላላው ፍላጎት ላይ በመዝገብ ያለው ክምችት ይቀነስና ቀሪው ይታዘዛል። ለምሳሌ አንድ ፋብሪካ 1,000 ወንበሮች ለማምረት ቢያቅድና ለእያንዳንዱ 8 ብሎን ቢያስፈልግ፣ ፍላጎቱ 8,000 ብሎን ይሆናል። መዝገቡ 3,000 ካሳየ ሥርዓቱ 5,000 ያዛል። በመጋዘን ያለው 2,200 ብቻ ከሆነ ግን 100 ወንበሮች ሳይገጣጠሙ ይቀራሉ። ልምድ ያለው ንብረት ጠባቂ ጉድለቱን አይቶ ሊያርም ይችላል፤ ሥርዓቱ ግን የተመዘገበውን እንዳለ ይቀበላል።

2. የስሕተት መደራረብ
የአንድ ግብዓት መዝገብ ትክክል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ቢሆን በቂ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ምርቱ 10 ግብዓቶች ካሉትና ስሕተቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ አሥሩም መዝገቦች በአንድነት ትክክል የመሆናቸው ዕድል ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። የእያንዳንዱ መዝገብ ትክክለኛነት 98 በመቶ ቢደርስ ግን ይህ ዕድል ወደ 82 በመቶ ከፍ ይላል።

3. የኸርሺ ተሞክሮ
የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ 112 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትን ሥርዓት በጁላይ 1999 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ አዋለ። 48 ወራት ያስፈልገዋል የተባለው ሥራ በ30 ወራት እንዲጠናቀቅ ተደርጎ ነበር፤ ማስጀመሪያውም የሃሎዊን ትዕዛዝ ከሚበዛበት ወቅት ጋር ተገጣጠመ። በውጤቱም ምርቱ በመጋዘን እያለ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ትዕዛዝ ለደንበኞች ሳይደርስ ቀረ። ከተዘገቡት ምክንያቶች አንዱ፣ በሥራ ብዛት ወቅት ምርት በጊዜያዊነት የሚቀመጥባቸው ስፍራዎች በሥርዓቱ አለመመዝገባቸው ነው። ሠራተኞች በልማድ የሚያውቁት ነገር ወደ መረጃ አልተለወጠም ነበር። ውድቀቱ ዘወትር የሚያያዘው ከጊዜ መጣበብ ጋር ቢሆንም፣ የጊዜ መጣበብ በቅድሚያ የሚሻማው ይህንኑ የመረጃ ማጥሪያና የሙከራ ጊዜ መሆኑ ሊጤን ይገባል።

4. መደምደሚያ
ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ የሥርዓቱ ማስጀመሪያ ቀን በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን በቆጠራ ውጤትም ሊወሰን ይገባል። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ በሚደረግ የናሙና ቆጠራ ልዩነት ሲገኝ ቁጥሩን ከማስተካከል ባሻገር የልዩነቱ ምንጭ መጣራት አለበት። ሦስተኛ፣ ንብረት ጠባቂዎች ከዝግጅቱ መጀመሪያ አንሥቶ የትግበራ ቡድኑ አባል ሊሆኑ ይገባል። ትክክለኛ መዝገብ ብቻውን ስኬትን አያረጋግጥም፤ ያለ እርሱ ግን ሥልጠናውም ሆነ የአመራሩ ድጋፍ የተሳሳተ ስሌትን ከማፋጠን አያልፍም።