የቆጡን ሲያወርዱ የብብቱ እንዳይወድቅ፦ የመንግሥት ድረ ገጽና የማስታወቂያ ገበያ

መንግሥት የማስታወቂያ ቦታ ሲሸጥ ለኢትዮጵያ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረውን አዲስ ዘመን ጋዜጣን ብዙ ነጋዴ የሚያገላብጠው ለዜናው ሳይሆን ለጨረታ ማስታወቂያው ነው። ታዲያ የመንግሥት ጋዜጣ ማስታወቂያ ከሸጠ፣ ግብር የሚታወቅበት፣ ንግድ ፈቃድ የሚታደስበት ወይም የጉምሩክ ሰነድ የሚሞላበት ድረ ገጽስ ለምን አይሸጥም? ይህ ሐሳብ የመንግሥት ካዝና በሳሳ ቁጥር በየአገሩ ይነሣል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ጎብኚው አለ፣ ገጹ አለ፣ የቀረው ዋጋ መቁረጥ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ሲሠራ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ዋጋው እንዴት ይቆረጣል?

በኢንተርኔት የማስታወቂያ ገበያ የተለመዱት የዋጋ አቆራረጦች ሦስት ናቸው። አንደኛው በሺህ ዕይታ ነው፤ ማስታወቂያው ሺህ ጊዜ በታየ ቁጥር ይከፈላል። ሁለተኛው በጠቅታ ሲሆን፣ የሚከፈለው ጎብኚው ማስታወቂያውን ሲነካ ብቻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንደ መንገድ ዳር ሰሌዳ ቦታውን ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት መከራየት ነው።

ለስሌት ያህል አንድ መሥሪያ ቤት በወር 500,000 ጊዜ የሚከፈት ድረ ገጽ አለው እንበል። በየገጹ ሁለት ማስታወቂያ ቢለጠፍ በወር 1,000,000 ዕይታ ለሽያጭ ይቀርባል። ግማሹ ቢሸጥና የሺህ ዕይታ ዋጋ 100 ብር ቢሆን፣ የወሩ ገቢ 50,000 ብር፣ የዓመቱ 600,000 ብር ይሆናል። አገናኙ ድርጅት 40 በመቶ ኮሚሽን ቢወስድ ለመሥሪያ ቤቱ 360,000 ብር ይቀራል። ማስታወቂያውን የሚመረምርና ቅሬታ የሚቀበል አንድ ሠራተኛ በወር 25,000 ብር ቢቀጠር 300,000 ብር ይሄዳል። በመጨረሻ ካዝና የሚገባው 60,000 ብር ነው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊያሰላ ይችላል። መንገዱ ግን ያው ነው፤ ከሽያጩ እስከ ካዝናው ብዙ እጅ አለ።

ማን ተጠቀመ?

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሆነው የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ነው። ይህ ድርጅት የመንግሥት ቢሆንም በአብዛኛው የሚተዳደረው ከአገልግሎት ሽያጭ በሚያገኘው ገቢ እንጂ ከግብር አይደለም። ድረ ገጹም የንግድ መጠሪያ በሆነው በዶት ኮም ስም ነው የሚታወቀው። በ1990ዎቹ ኢማጂታስ ከተባለ የግል ኩባንያ ጋር በመዋዋል፣ ቤት ለሚለውጡ ሰዎች በሚልከው የአድራሻ ማረጋገጫ ጥራዝ ውስጥ ማስታወቂያ ማስገባት ጀመረ። የኅትመቱ ወጪም ከማስታወቂያው እንዲሸፈን ተደረገ።

ዕቅዱ የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቤት የሚለውጥ ሰው በዚያው ሰሞን መጋረጃ፣ የቤት ዕቃ፣ ስልክና ኢንሹራንስ ይፈልጋል። እንግዲህ የተሸጠው የወረቀቱ ስፋት ወይም የጎብኚው ብዛት ሳይሆን፣ ገዢው ኪሱን የሚፈታበት ሰዓት ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን አገናኙ እንዴት እንደከበረ ማየት ይበጃል። ፒትኒ ቦውስ የተባለው ኩባንያ ኢማጂታስን እ.ኤ.አ. በ2005 በ230 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2015 በ310 ሚሊዮን ዶላር ለሬድ ቬንቸርስ ሸጦታል። ጉዞው ያለ ክርክርም አላለፈም። በፍሎሪዳ ግዛት ለተሽከርካሪ ምዝገባ ዕድሳት በሚላከው ፖስታ ውስጥ ማስታወቂያ በመግባቱ ባለመኪኖች ከስሰው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኩባንያው የፈረደው በ2009 ነበር።

የብብቱ ነገር

በብብት ያለው የሕዝብ አመኔታ ነው። በአሜሪካ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚሰጠው የዶት ጎቭ መጠሪያ ለግለሰብ ወይም ለኩባንያ ማስታወቂያ እንዳይውል በ2003 የወጣው የፌዴራል ደንብ ከልክሏል። ምክንያቱም መንግሥት አንዱን ሸቀጥ ከሌላው አስበልጦ የደገፈ እንዳይመስል ነው።

ይህን ወደ ራሳችን ገበያ ማምጣት አያስቸግርም። በጉምሩክ ገጽ ላይ የአንድ ትራንዚተር ስም ደምቆ ቢወጣ፣ አስመጪው «ጉምሩክ የሚያምነው ይህን ሰው ነው» ቢል አይፈረድበትም። ከሁሉ የከፋው ግን የሌሎቹ ትራንዚተሮች ስጋት ነው። ተቆጣጣሪያቸው ማስታወቂያ ሻጭ ሲሆን፣ አለመግዛት ያስጠምዳል ብለው ይገዛሉ። ያን ጊዜ የማስታወቂያው ክፍያ ከመማለጃ በምን ይለያል?

ሁለተኛው አደጋ የሰው ምስጢር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 አሶሺየትድ ፕሬስ እንደዘገበው፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጽ የተጠቃሚዎችን ዕድሜና ገቢ፣ ሲጋራ ማጨስ አለማጨሳቸውን፣ ነፍሰ ጡር መሆናቸውን ጭምር በማስታወቂያ ሥራ ለተሰማሩ የግል ድርጅቶች ያስተላልፍ ነበር። ድረ ገጹ ለሌሎች ማስታወቂያ አይሸጥም ነበር፤ የራሱን አገልግሎት ለማስተዋወቅ የተከላቸው መሣሪያዎች ናቸው መረጃውን ያሾለኩት። ትችቱ ሲበረታ መንግሥት የሚያስተላልፈውን መረጃ ለመቀነስ ተገዷል።

ሦስተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 2018 ገጽን ድምፅ አድርጎ የሚያነብ ብራውዝአላውድ የተባለ የውጭ መሣሪያ በሰርጎ ገቦች በመበከሉ፣ ከ4,000 በላይ ድረ ገጾች የጎብኚውን ኮምፒዩተር ለድብቅ የዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ አውለውታል። ከእነዚህ መካከል የብሪታንያ መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ራሱ ይገኝበታል። መሣሪያው ማስታወቂያ ባይሆንም፣ ከውጭ የመጣ ማስታወቂያም በገጹ ላይ የሚያርፈው በዚሁ ዓይነት የሌላ ሰው ኮድ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይህ ነው።

የትምህርቱ መደምደሚያ

በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ቦታ ለመግዛት፣ ለማገናኘት ወይም በሥራው ገንዘብ ለማፍሰስ የሚያስብ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት አራት ነጥቦችን ቢመረምር ይጠቀማል።

አንደኛ፣ ቦታው በግልጽ ጨረታ ይሸጣል ወይስ በትውውቅ? ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው ሰነድ በሚሞላበትና ክፍያ በሚፈጸምበት ገጽ ላይ ይወጣል? ከወጣ ለሁሉም ወገን አደጋ ነው። ሦስተኛ፣ ማስታወቂያው ቋሚ ሥዕል ነው ወይስ ጎብኚውን የሚከታተል ኮድ አለው? በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ሆኗል፤ ስለ ማስታወቂያው ይዘትም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለ። አራተኛ፣ አስነጋሪው በዚያው መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ሥር ያለ ነጋዴ ነው?

በእነዚህ ያለፈ ሽያጭ ለቱሪዝም፣ ለሙዚየም ወይም ለከተማ ትርኢት ገጽ ሊያዋጣ ይችላል፤ የሚጎበኘው ሰው ሊገዛ ተዘጋጅቷል፣ የሚያስፈራውም የለም። ግብር ወደሚከፈልበትና ፈቃድ ወደሚሰጥበት ገጽ ሲመጣ ግን ነጋዴው የሚገባው ገጹን አምኖ ነው። 60,000 ብር የዚያ አመኔታ ዋጋ ሊሆን አይችልም።