ለመክሳት መራብ አያስፈልግም

ብዙ ሰዎች ወፈራችሁ በተባሉ ጊዜ ቁርስና እራታቸውን ትተው በሎሚ ውሃ ይሰነብታሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎአቸው ቀንሶ ሲያዩትም ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚወጣው አብዛኛው ውሃ ነው እንጂ ስብ አይደለም። በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር ሲያልቅ አብሮት የነበረው ውሃ ይወጣልና፤ እንደ ልማዳቸው በበሉ ጊዜ ይመለሳል። ረሃቡ ከረዘመ ደግሞ ጡንቻቸው ይመነምናል፤ በመጨረሻም መሶቡ ላይ ይወድቁበታል። ምን ያድርጉ፥ ተርበው ነው!

ይልቅስ የቤታችሁን ልማድ መርምሩ። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየጨመረ በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው፥ ወደ 50 ግራም ስኳር ጠጣ ማለት ነው። ከ25 ግራም ባያልፍ ይሻለዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም 120 ካሎሪ ያህል ስላለው፥ ወጥ ሲሠራ ከጠርሙሱ ማንቆርቆር ቀርቶ በማንኪያ ይለካ። የጾም ነው እያሉ ዘይት ማብዛትም ያው ነው። እንጀራውን ቀነስ አድርጎ ምስሩንና ጎመኑን መጨመር ቶሎ እንዳይርብ ይረዳል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሰ ይበቃል።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምግብ አይዝለል፤ በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።