በስቱዲዮ የተቀረጸ ዘፈን በመድረክ ላይ እንዴት ይቀርባል?

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በእኔና በጓደኞቼ ላይ የደረሰ ኀፍረት ነው። ባለፈው ዓመት በወላጆች በዓል ቀን እኛ አራት ተማሪዎች፥ ማለት ጊታር መቺው፥ ቤዝ መቺው፥ ድራም መቺውና ኪቦርድ እየተጫወትሁ የምዘፍነው እኔ፥ አንድ የታወቀ የሮክ ዘፈን ልክ በስቱዲዮ እንደ ተቀረጸው አድርገን ለማቅረብ ተነሣን። በቅጂው ላይ ሁለት ጊታሮች፥ ጥሩምባና ብዙ ተቀባዮች አሉበት። ጊታር መቺያችን የሁለቱን ጊታሮች ድርሻ ብቻውን እወጣለሁ ሲል ጣቶቹ ተሳሰሩበት፤ እኔም የጥሩምባውን ዜማ በኪቦርድ ስፈልግ የምዘፍነው ቃል ጠፋኝ፤ ዘፈኑም ከመካከሉ ቆመ። ከተማሪዎቹ ሳቅ ይበልጥ ያሳዘነኝ አባቴ ዓይናቸውን ወደ መሬት መጣላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ፥ «ለመሆኑ ታላላቆቹ ባንዶች ይህን ነገር እንዴት ይወጡታል?» ብዬ መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እገልጻለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፦ የስቱዲዮ ሥራ ምን ዓይነት ነው?

በስቱዲዮ ድምፅ የሚቀረጸው በየመስመሩ ተለይቶ ነው። ዘፋኙ አንድ ጊዜ ከዘፈነ በኋላ ቅጂው ወደ ኋላ ተመልሶ በገዛ ድምፁ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ድምፅ ይጨምራል። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች እንደ ብዙ ሰዎች ሆነው ሊሰሙ ይችላሉ። ለምሳሌ ቢትልስ የተባሉት አራት እንግሊዛውያን በ1967 ዓ.ም. «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» የተባለውን ዘፈን ሲቀርጹ 40 የኦርኬስትራ ሙዚቀኞችን ጠርተው ያንኑ ክፍል አራት ጊዜ አስጫወቷቸው፤ ሲደራረብም የ160 ሰዎች ድምፅ ያህል ሆነ። እንዲህ ያለውን ሥራ አራት ሰዎች በመድረክ ላይ እንዴት አድርገው ይደግሙታል? ቢትልስ ገና በነሐሴ ወር 1966 ዓ.ም. «ሪቮልቨር» የተባለውን አልበም ካወጡ በኋላ ወደ አሜሪካ ሲዞሩ ከዚያ አልበም አንድ ዘፈን እንኳ በመድረክ አላቀረቡም። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን በሳን ፍራንሲስኮ ካሳዩት ትርዒት በኋላም ለሕዝብ መዞርን ፈጽመው ተዉ። ለዚህም የሕዝቡ ጩኸትና የዘመኑ ድምፅ ማጉያ ደካማነት ተጨማሪ ምክንያቶች ነበሩ።

2ኛ፦ ባንዶች የሚጠቀሙባቸው መንገዶች

መድረኩን ያልተዉት ባንዶች ግን ልዩ ልዩ ዘዴ አግኝተዋል።

የመጀመሪያው ድርሻን ማሸጋሸግ ነው። ሌድ ዜፕሊን በ1971 ዓ.ም. ባወጡት «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» በተባለው ዘፈን ውስጥ ጂሚ ፔጅ በስቱዲዮ ልዩ ልዩ ጊታሮችን እየለዋወጠ ተጫውቷል። በመድረክ ላይ ግን ጊታር ለመለወጥ ጊዜ ስለሌለ ባለ ሁለት አንገት ጊታር ያዘ፤ አንደኛው አንገት 12 ክር፥ ሁለተኛው 6 ክር አለው። እጁን ከአንዱ ወደ ሌላው በማዛወር ብቻ ዘፈኑን ይፈጽም ነበር። ጆን ፖል ጆንስ በስቱዲዮ በእንጨት ዋሽንት የነፋውንም ዜማ በመድረክ ላይ በኪቦርድ ይጫወተው ነበር። የጎደለውንም በሌላ ነገር ካሱት፤ የጊታሩን ብቸኛ ጨዋታ አስረዘሙት፤ በቅጂው 8 ደቂቃ የሆነው ዘፈን በመድረክ ከ10 ደቂቃ በላይ ይሄድ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የተቀረጸ ድምፅን በመድረክ ላይ ማሰማት ነው። ዘ ሁ የተባለው ባንድ «ባባ ኦራይሊ» የተባለውን የ1971 ዓ.ም. ዘፈን ሲያቀርብ የኦርጋኑ ድምፅ ከቴፕ ይመጣ ነበር። ነገር ግን ቴፕ ሰውን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ድራም መቺው ኪት ሙን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ከቴፑ ጋር እኩል ለመሄድ ይገደድ ነበር። ዛሬ በቴፕ ፈንታ ኮምፒዩተር ቢገባም ግዴታው ያው ነው፤ ድራም መቺው ልቡ ቢሞቅም ሊያፈጥን አይችልም።

ኩዊን ደግሞ በ1975 ዓ.ም. ባወጡት «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ውስጥ ኦፔራ የሚመስል ክፍል አለ። ፍሬዲ መርኩሪ፥ ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ድምፃቸውን ደጋግመው በመደራረብ ሦስቱ ብቻ ትልቅ የመዘምራን ጉባኤ መስለዋል። ይህን በመድረክ ለመዝፈን ስለማይቻል ክፍሉ ሲደርስ ከመድረክ ይወርዱ ነበር፤ ቴፑ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ከዚያም ኀይለኛው የሮክ ክፍል ሲጀመር በብርሃን ታጅበው ተመልሰው ይወጡ ነበር። እንዘፍናለን ብለው ሕዝቡን አላታለሉም፤ በዚህ አደንቃቸዋለሁ።

ሦስተኛው መንገድ መቁረጥ ነው። እነዚሁ ኩዊን ሐምሌ 13 ቀን 1985 ዓ.ም. በለንደን በዌምብሊ ስታዲየም ላይቭ ኤይድ በተባለው ለኢትዮጵያ ረኀብተኞች ርዳታ በተሰበሰበበት ትርዒት ላይ የተሰጣቸው ጊዜ ወደ 20 ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ የዚህን ዘፈን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ በፒያኖ አቅርበው ኦፔራውን ትተው ወደ ሌላ ዘፈን አለፉ። ሕዝቡ ግን የጎደለበት ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

አራተኛው የመጨረሻውን መለወጥ ነው። ብዙ ቅጂዎች ድምፁ ቀስ በቀስ እየራቀ ሲጠፋ ያበቃሉ። በመድረክ ላይ ግን ይህ አይሆንም፤ ሁሉም በአንድነት የሚያቆሙበት ምልክት ያስፈልጋል። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የቢትልስ «ሄይ ጁድ» እየራቀ የሚጠፋ ነው፤ ፖል ማካርትኒ ከብዙ ዓመት በኋላ በመድረክ ሲያቀርበው ግን ተቀባዩን ለሕዝቡ ሰጥቶ በአንድ የተቆረጠ ማሳረጊያ ይፈጽመዋል።

3ኛ፦ እኛስ ምን አደረግን?

ይህን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላ ጓደኞቼን ሰብስቤ፥ «ከዘፈኑ ውስጥ ቢወጣ ዘፈኑ የሚፈርሰው የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ ተከራክረን ሦስት ነገሮች ቀሩ፤ የዘፋኙ ዜማ፥ የቤዙ አካሄድና ጊታሩ መግቢያው ላይ የሚመታት አጭር ሐረግ። ሁለተኛውን ጊታር ሰረዝነው። የጥሩምባውን ዜማ ጊታሩ እኔ ዝም በምልበት ጊዜ ብቻ እንዲመታው አደረግን። የቅጂው ዘፋኝ ድምፅ ለእኔ ከፍ ስለሚል ዘፈኑን በአንድ ድምፅ ዝቅ አደረግነው። ለመጨረሻውም ድራም መቺው ዱላውን ከፍ ሲያደርግ አራታችንም እንድናቆም ተስማማን።

በዚህ ዓመት በዓል እንደ ገና ወጣን። አንድ ቦታ ላይ ተሳስተናል፤ ነገር ግን አልቆምንም። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ፥ «የዛሬውስ ቃሉ ተሰማኝ» አሉኝ። ለእኔ ከጭብጨባው ሁሉ የበለጠው ይህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ በሙዚቃ ክበባችን የምትሳተፉ ሁሉ ቅጂውን አጥኑት እንጂ አትፍሩት። አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» እንዳሉት፥ እናንተም ባሏችሁ እጆች ልክ ተጫወቱ። በስቱዲዮ የተሠራው በስቱዲዮ መልካም ነው፤ በመድረክ ላይ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚሰማው የእናንተኑ ድምፅ ነው።