«አባቴ፣ ዛሬስ ከደጅ ይባርኩኝ»
ቤታቸውን ማጽዳት ላቃታቸው ምእመናን የአጥቢያ አገልግሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አካባቢ በማለዳ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኞችን ያያል። አንደኛው ለጉብኝትና ለንጹሕ አየር ሽቅብ የሚወጣው ነው። ሁለተኛዋ ከእንጦጦ ተራራ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ቁልቁል የምትወርደው ሴት ናት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ማዕከል የያዘው 705 ሄክታር መሬት በአብዛኛው ባሕር ዛፍ የወረሰው ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተማዋን ምድጃ ያነደደው ይኸው ዛፍ ነው፤ ከተራራው እስከ ምድጃው ያደረሰው ደግሞ በአብዛኛው የሴቶች ጀርባ ነው። ስለ አጥቢያ ደን ለመነጋገር ከጥቂት የኮሚቴ አባላት ጋር ወደ ማዕከሉ በወጣንበት ዕለት አብረውን የነበሩ አንድ አረጋዊ ካህን የሚወርዱትን ሴቶች እያዩ፣ «ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚህ መንገድ ይወርዱ የነበሩት ዛሬ የት ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ። መልሱን ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል፤ የብዙዎቹ የንስሐ አባት ናቸውና። ከተራራው ግርጌ ባሉት ሠፈሮች፣ ከተዘጉ በሮች ኋላ ናቸው።

የተወደዳችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ እነዚህ በሮች ነው። በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ቤታቸውን ማጽዳት ያልቻሉ ምእመናን እርዳታ የሚያገኙበትን መንገድ እንመለከታለን። ጉዳዩ በስብሰባ አጀንዳ ላይ ሲነሣ ትንሽ ይመስላል፤ ከምግብ፣ ከሕክምናና ከቤት ኪራይ በኋላ ይሰለፋል፤ ብዙ ጊዜም ሰዓት ሞልቶ ሳይነሣ ይቀራል።

ትንሽ የሚመስለን ግን ሥራውን በጤነኛ ሰው ዓይን ስለምናየው ነው። በአንድ ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ «ማጽዳት» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚይዝ እናስብ። ውኃ ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ይቀዳል፤ ሃያ ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። መጥረጊያው እጀታው አጭር ስለ ሆነ ያለ ማጎንበስ አይጠርግም። የከሰሉ አመድ ይዛቃል፤ ጥላሸቱ ከግድግዳው ይወርዳል። ፍራሹ ከቁንጫና ከትኋን እንዲጠበቅ ፀሐይ ላይ መውጣት አለበት፤ ፍራሽ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ሁለት ጤነኛ ክንድና አንድ ጤነኛ ወገብ ያስፈልገዋል። ማታ ማታ ወደ ጋራ መጸዳጃ ቤት መሄድ ላልቻለ ሰው ፖፖ አለ፤ በየማለዳው ወጥቶ መደፋትና መታጠብ አለበት። ጉልበቷ የማይታጠፍላት፣ አከርካሪዋ በሸክም የተጎዳ፣ ወይም ግማሽ ጎኗ በስትሮክ የሰነፈ ሴት ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን ትሠራለች? ምግቡን እንደ ምንም ታበስል ይሆናል። የጽዳቱን ሥራ ግን ለነገ ታሳድረዋለች፤ ነገም ለሌላ ነገ ያሳድረዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቆሻሻው ብቻ አይደለም፤ ኀፍረቱ ነው። በእኛ ባህል ቤት የሴት ገመና ነው፤ ያልተጠረገ ቤት «ምን ዓይነት ሴት ናት?» ያሰኛል። ስለዚህ ባለቤቲቱ መጀመሪያ ጎረቤት ቡና መጥራት ታቆማለች። ቀጥሎ እርስዋ ስትጠራ አትሄድም፤ የሄደ ሰው መጥራት አለበትና። የማኅበር ጽዋ ተራዋ ሲደርስ ሰበብ ፈልጋ ትወጣለች። በመጨረሻም የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት ሲመጡ ዱላዋን ተደግፋ በሩ ላይ ትቆምና፣ «አባቴ፣ ዛሬስ ከደጅ ይባርኩኝ» ትላለች። እኒያ አረጋዊ ካህን እንደ ነገሩን፣ አንዲት የንስሐ ልጃቸው ይህን ቃል ለስምንት ወር ያህል ሲነግሩዋቸው እርሳቸው እንደ ትሕትና ቆጥረውት ነበር። ጠበል የሚረጩትም ከደፉ ላይ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ አስገድዷቸው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ያዩት ነገር አስለቀሳቸው፤ ይበልጥ ያስለቀሳቸው ሴትዮዋ ፊታቸውን በነጠላቸው መሸፈናቸው ነው። ረኀብ ለምጽዋት እጅን ያስዘረጋል፤ ይህ ችግር ግን በር ያስዘጋል። ስለዚህም እርዳታ ጠያቂ መጥቶ እስኪመዘገብ ድረስ የሚጠብቅ ኮሚቴ እነዚህን ሰዎች ከቶ አያገኛቸውም።

የቅድስት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በየዕለቱ በሚደረገው አገልግሎት መበለቶች ችላ ተብለዋል የሚል ማጉረምረም በመነሣቱ ነበር። የዲያቆን ሹመት መነሻው እንግዲህ ማዕድ ነው፤ ቅዱስ እስጢፋኖስም የተመረጠው ለዚሁ ነው። ዛሬ ዲያቆን ሲባል ሐሳባችን ቀጥታ ወደ ቅዳሴው ይሄዳል። እኔም በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ምዕራፍ ለፈተና ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ፤ መጥረጊያ ግን በውስጡ አልታየኝም ነበር። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የምናስበው መጻጉዕም 38 ዓመት በአልጋው ላይ የኖረ ሰው ነው። ጌታችን ሲጠይቀው በመጀመሪያ የተናገረው ስለ ሕመሙ ጽናት አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። በቅዳሴው የምናስበው ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን መጠለያ ሠርቶ በዚያ ሕሙማንን ያገለግል ነበር። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ እግር ከታጠበ ወለል ቢታጠብ ምን ነውር አለው?

ነገር ግን መልካም ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። ከላይ የጠቀስኳቸውን እናት ሁኔታ እንደ ሰማን፣ እኔ ራሴ አስተባባሪ ሆኜ ለፋሲካ መዳረሻ አሥራ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ሴትዮዋን ውጭ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ጠራ። ሦስት ማዳበሪያ ቆሻሻ አወጣን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ማታ የንስሐ አባታቸው ደወሉልኝ። ከአልጋው ሥር የነበረ የቆየ ገመድ መጣሉን ነገሩኝ። እንጨት የተሸከሙበት፣ አራት ልጆች ያሳደጉበት ገመድ ነበር። ለእኛ የተበጣጠሰ ጠፍር ነበር። በማግሥቱ ከቆሻሻ ገንዳው ብንፈልገውም አላገኘነውም። ከወር በኋላ ስንመለስ ቤቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ ነበር፤ በሩም እንደ ቀድሞው ተዘግቶ ነበር።

በዓል ሲደርስ የሚደረግ የጽዳት ዘመቻ ለሚያጸዳው ሰው ደስታ ይሰጣል፤ ለባለቤቱ ግን የአንድ ቀን እፎይታና የብዙ ቀን ሐፍረት ሊሆን ይችላል። ቤት በየዕለቱ ይቆሽሻልና እርዳታውም ተራ ያስፈልገዋል። ሁለት ሰው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቢመጡ፣ አሥራ ሁለት ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚመጡ ይሻላል። ሁለቱም ሁልጊዜ እነዚያው ይሁኑ፤ እናቲቱ በየሳምንቱ ገመናዋን ለአዲስ ሰው መግለጥ የለባትም። ለሴት ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ቀኑና ሰዓቱ አይለዋወጥ፤ መቅረት ግድ ከሆነ አስቀድሞ ይነገር። ፎቶግራፍ ይቅር፤ የሪፖርት አቅራቢነት ሥራዬ ይህን መናገር ቢከብደኝም።

የመጀመሪያውን በር መክፈት የሚችለው የንስሐ አባት ነው። ወረዳው መዝገብ አለው፤ ዕድሩ የአባላት ስም ዝርዝር አለው፤ ወደ ቤት የመግባት ሥልጣን ያለው ግን እርሱ ነው። አጠያየቁም ጥንቃቄ ይሻል። «ቤትዎ ቆሽሿልና ልጆች ልላክ?» ቢባል መልሱ «የለም፣ ደኅና ነኝ» ነው። «እማማ፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብድዎት የትኛው ነው?» ቢባል ግን አንዷ ውኃውን፣ አንዷ ፍራሹን፣ አንዷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፖፖውን ትጠቅሳለች። ከዚያ የሚከብደውን ብቻ እንሥራ። ተቀምጣ ሽንኩርት መክተፍና ዕቃ ማጠብ ለምትችል እናት ያንን መቀማት እርዳታ አይደለም። ባለቤቷ በወንበሯ ተቀምጣ ታዝዝ፤ እኛ እንታዘዝ። ያለ እርስዋ ፈቃድ ምንም ነገር፣ ወረቀትም ቢሆን፣ አይጣል።

ሥራውን ለራሷ የሚያቀልሉ ጥቂት ነገሮችም አሉ፤ ወጪያቸውም ትንሽ ነው። ለመጥረጊያው ረጅም እጀታ ቢበጅለት ወገብ ሳይታጠፍ ይጠረጋል። በሃያው ሊትር ጀሪካን ፈንታ አምስት ሊትር በሚይዙ ዕቃዎች ውኃ ቢቀመጥላት ራሷ ታነሣለች። የዕለት ዕቃ ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ይቀመጥ። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ደግሞ ከጽዳቱ የሚበልጥ አንድ ሕግ አለ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከተነሣበት ቦታ ይመለስ። በአንድ ክንድ ርቀት የተዛወረ በርጩማ ለዓይነ ስውር ወጥመድ ነው። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማም ዱላ ለሚደገፍ ሰው እንደሚያንሸራትት አንርሳ።

ስለ በረኪና ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ወጣቶቻችን ቤት ሲያጸዱ በረኪና ማብዛት ይወዳሉ። ሽንት ባለበት ፖፖ ላይ በረኪና ሲፈስስ፣ ወይም በረኪና ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ ፖፖው በብዙ ውኃ ይለቅለቅ፤ በረኪናው ለብቻው፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ በር ተከፍቶ ይደረግ። ዘመናቸውን ሁሉ በጭስ ፊት ለኖሩ እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውኃ ለማሞቅ ሲባልም ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይቀጣጠል።

ከበጎ ፈቃደኞች በተጨማሪ ክፍያ ያለው መንገድም አለ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ይህን እመርጣለሁ። በዚያው ግቢ ሥራ የምትፈልግ ጎረቤት አትጠፋም። ሰበካ ጉባኤው ከሙዳየ ምጽዋት ወይም ከዕድሩ ጋር ተመካክሮ በሳምንት ለሁለት ግማሽ ቀን ቢከፍላት ሁለት ቤት ይረዳል። ክፍያው በአረጋዊቷ እጅ በኩል ቢሰጥ ደግሞ ሠራተኛዋ የእርስዋ ሠራተኛ ትሆናለች፤ የአዛዥነቱ ክብር ከቤቱ ባለቤት አይወጣም። አንዳንድ ቤተሰብ ችግሩን ከገጠር ታዳጊ ልጅ በማምጣት ሊፈታው ይሞክራል። ካህናት ይህን ሲያዩ ዝም አይበሉ፤ የአንዲትን አረጋዊት ቤት ለማጽዳት የአንዲት ሕፃን ትምህርት ሊቋረጥ አይገባም።

መንግሥትንም መጠየቅ ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ዐቅም በፈቀደ መጠን የመርዳትን ኀላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 በቤት ውስጥ የሚሰጥ ድጋፍን ይጠቅሳል። በ2009 ዓ.ም. የጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጥበት ክፍል አለው። በጽዳት ተራ የተገኙ ምእመናን በዚህ ተመዝግበው እንደ ሆነ ኮሚቴው በወረዳው ይጠይቅ፤ ራሳቸው ወረፋ መቆም አይችሉምና ወኪል ያስፈልጋቸዋል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ስለሚሄዱ የትኛው በር እንደማይከፈት ያውቃሉ።

ገመዳቸውን የጣልንባቸው እናት ጋር የተመለስነው ከንስሐ አባታቸው ጋር ሄደን ይቅርታ ከጠየቅን በኋላ ነው። አሁን ሁለት ሰዎች ዘወትር ረቡዕ ይሄዳሉ። በአራተኛው ሳምንት እናታችን ምድጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ቡና ሲቆሉ ደረሱባቸው፤ ጎረቤቶችም ተጠርተው ነበር። መጥረጊያ የያዘችውን ልጅ፣ «ልጄ፣ ከአልጋው ሥር ገና ነው፤ እይው እንጂ!» ብለው ተቆጧት።

የየአጥቢያው የልማትና በጎ አድራጎት ክፍሎች በመጪው ሩብ ዓመት ሪፖርታቸው ስንት ቤት እንደ ጸዳ ብቻ ሳይሆን፣ ከጸዱት ቤቶች ስንቱ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ በራቸውን እንደ ከፈቱላቸው እንዲጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።