ወደ ግራ ማነጣጠር ስላይስን ለምን ያባብሳል

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጀማሪ የጎልፍ ተጫዋች ድራይቨር የሚባለውን ረጅም ዱላ ይዞ ሲመታ ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ትነሳለች፤ አየር ላይ ከቆየች በኋላ ግን ወደ ቀኝ እየታጠፈች ከታሰበላት ቦታ ርቃ ታርፋለች። በጎልፍ ሜዳ ስላይስ የሚባለው ይህ ነው። ይህ የደረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ኳሷ ወደ ቀኝ ከሄደች እኔ ወደ ግራ ልቁም» ይላል። እግሩን ያዞራል፣ ትከሻውን ይከፍታል። አንድ ሁለት ምት ይሳካለታል። ከዚያ መታጠፉ ይብስና ይበልጥ ወደ ግራ ይዞራል፤ በመጨረሻም ፊቱን ወደማይፈልገው ቦታ አዙሮ የሚቆም ሰው ይሆናል። ወደ ግራ መዞሩ ራሱ ስላይሱን እንደሚያሳድገው ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ። እርማቱ መጀመር ያለበትም ዱላው ገና ሳይነሳ፣ ከአቋቋምና ከአሰላለፍ ነው። ግራ እጁን የሚጠቀም አንባቢ ግራና ቀኙን አገላብጦ ያንብበው።

የጎልፍ ኳስ ክብደት በደንቡ መሠረት ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ ከዱላው ጋር የምትገናኘውም ለግማሽ ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ጉዞዋን ከሚወስኑት ነገሮች ሁለቱ ለእኛ ጉዳይ ዋና ናቸው፤ የዱላው ፊት፣ ማለትም ኳሷን የሚነካው ገጽ፣ ወዴት ያያል፣ ዱላውስ ወዴት እየተጓዘ ነው? ለብዙ ዓመታት የማሠልጠኛ መጻሕፍት ኳሷ የምትነሳው ዱላው በሚጓዝበት አቅጣጫ ነው ሲሉ ኖረዋል። በኋላ ምቱን በራዳር መለካት ሲጀመር የተገኘው ከዚህ ይለያል፤ በድራይቨር ምት የኳሷን መነሻ አቅጣጫ በአብዛኛው፣ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል፣ የሚወስነው የዱላው ፊት ነው። መታጠፏ ደግሞ የሚመጣው በፊቱና በጉዞው መካከል ካለው ልዩነት ነው። ፊቱ ከጉዞው አንጻር ወደ ቀኝ ሲከፈት የኳሷ ሽክርክሪት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ አየሩም የሚሽከረከረውን ኳስ ወደዚያው ይገፋዋል። ኒውተን የቴኒስ ኳስ ሲታጠፍ እንዳየ በ1672 ጽፏል፤ ጀርመናዊው ማግነስ የዚህን ኃይል ምክንያት በ1852 በሙከራ መረመረ፤ የኤድንብራው ፕሮፌሰር ፒተር ቴይት ደግሞ በ1890ዎቹ ነገሩን በቀጥታ ለጎልፍ ኳስ አዋለው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አይረን በሚባለው አጭር ዱላ ሲመታ ኳሷ ያን ያህል የማትታጠፍበት ሰው በድራይቨር የሚቸገረውም በዚህ ሽክርክሪት ምክንያት ነው። የአይረኑ ፊት ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ኳሷ ወደ ኋላ የምትሽከረከረው በብርቱ ነው፤ የጎን ዝንባሌውም በዚያ ይዋጣል። ድራይቨሩ ግን ፊቱ ቀጥ ያለ ነውና ጥቂቷን ልዩነት ሁሉ ያሳያል።

አሁን ወደ ግራ የዞረውን ሰው እንመልከት። ክንድ ከትከሻ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዱላው የትከሻውን መስመር ተከትሎ ይወርዳል። ትከሻው ወደ ግራ ከተከፈተ ዱላውም ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ኳሷን እየቆረጠ ያልፋል። ተጫዋቹ ግን ልቡ ዒላማው ላይ ነው፤ ኳሷ ወደ ግራ ጠፍታ እንዳትቀር እጁ ሳያውቀው የዱላውን ፊት ወደ ዒላማው ያስቀረዋል። ጉዞው ወደ ግራ፣ ፊቱ ወደ ቀኝ ሆነ ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ፤ ስላይስ ማለት ደግሞ ያው ክፍተት ነው። አሥር ዲግሪ ወደ ግራ የዞረ ሰው ችግሩን በአሥር ዲግሪ አልቀነሰም፤ አዲስ የመታጠፊያ ምክንያት ጨመረበት እንጂ።

ጅቡቲ ከተማ ላይ ይህ ስሕተት ከአዲስ አበባው ይበልጥ ያስከፍላል። ምክንያቱ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። ጅቡቲ ከተማ በባሕሩ ጠለል ላይ ናት፤ ሙቀቷ አየሩን ቢያሳሳውም በ35 ዲግሪ ሙቀት እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ ያለው አየር ከአዲስ አበባው በሩብ ያህል ይበልጣል። ወፈር ያለ አየር የሚሽከረከር ኳስን ይበልጥ ይገፋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሜዳ ስላይሱን ችሎት የኖረ ተጫዋች ወደ ወደቧ ከተማ ሲወርድ ያው ምት ይበልጥ ሲታጠፍበት፣ ርቀቱም ሲያጥርበት ያያል። የባሕር ዳር እርጥበት አየሩን ያከብደዋል የሚለው የተለመደ ግምት ግን ልክ አይደለም። ውሃ ያዘለ አየር በዚያው ሙቀትና ግፊት ካለው ደረቅ አየር በጥቂቱ ይቀልላል፤ ክብደቱን ያመጣው የቦታው ዝቅታ ነው። ከደጋ የወረደ ሰው «ስዊንጌ ተበላሸ» ብሎ ከመደንገጡ በፊት ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው፤ አብሮት የኖረውን ጉድለት የባሕሩ አየር አጉልቶ አሳየው እንጂ አዲስ ነገር አልመጣበትም።

ሰው በደህና ዓይን እያየ ለምን ተሳስቶ ይቆማል? ከፈረንሳይ ዘመን ጀምሮ በጅቡቲ ከተማ የተለመደው የፔታንክ ጨዋታ መልሱን ያሳየናል። የፔታንክ ተጫዋች ሁለቱን እግሮቹን በጠባብ ክብ ውስጥ ተክሎ ከስድስት እስከ አሥር ሜትር ወደራቀች ትንሽ ኳስ ፊት ለፊት እያየ ይወረውራል። ዓይኑ፣ ደረቱና ክንዱ የሚያዩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የጎልፍ ተጫዋች ግን ለዒላማው ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፤ የሚመታውን መስመር የሚያየው አንገቱን አዙሮ ነው። አንገት ሲዞር ደግሞ ትከሻ ይከተላል። በዚህ ላይ ቀኝ እጅ ዱላውን ከግራው ዝቅ ብሎ ስለሚይዝ የቀኝ ትከሻን ወደ ፊት ይስባል። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ምንም ሳያስብ እንኳ፣ ትከሻውን በጥቂቱ ከፍቶ መቆም ይቀናዋል። ኳሷን ከግራ ተረከዙ አሳልፎ ወደ ፊት ካስቀመጣት ትከሻው እሷን ለመድረስ ጨርሶ ይከፈታል። እንግዲህ ስሜቱን አምኖ «ቀጥ ብያለሁ» የሚል ሰው መለኪያ ያስፈልገዋል።

መለኪያው ሁለት ትይዩ መስመር ነው። በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰውን አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ያስቡ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ድራይቨር የያዘ ሰው ከእግሩ ጣት እስከ ኳሷ ካለው ርቀት ብዙም አይርቅም። ኳሷና ዒላማው በውጭኛው ብረት ላይ ናቸው፤ የእግር ጣቶች፣ ጉልበት፣ ዳሌና ትከሻ ደግሞ በውስጠኛው። ብረቶቹ ከሩቅ ሲታዩ የሚገናኙ ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም፤ ስለዚህ የሰውነት መስመር በዒላማው ላይ ሳይሆን ከዒላማው ጥቂት ወደ ግራ ያርፋል። ሲቆሙ ቅደም ተከተሉ ትልቅ ዋጋ አለው። መጀመሪያ ከኳሷ ኋላ ሆነው ወደ ዒላማው ይዩ፤ ከኳሷ ፊት አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ፣ በዚያው መስመር፣ አንዲት ጠጠር ወይም የሣር ቅሪት ይምረጡ። ከዚያ የዱላውን ፊት ወደዚያች ምልክት ያስተካክሉ፤ እግርዎ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። እግሩን አስቀድሞ የሚተክል ሰው የዱላውን ፊት በእግሩ ልክ ይቆርጣል። በመጨረሻ ትከሻዎን ይመርምሩ፤ እግሩን አስተካክሎ ትከሻውን ከፍቶ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ዱላውን ደረትዎ ላይ አጋድመው ወዴት እንደሚጠቁም ማየት ይበቃል። ወደ ግራ ካመለከተ የቀኝ ትከሻዎን ጥቂት ዝቅ፣ ጥቂትም ወደ ኋላ ያድርጉት፤ ኳሷንም ከግራ ተረከዝዎ ውስጠኛ ጎን ትይዩ ይመልሷት።

ለዚህ ሥራ አረንጓዴ ሜዳ አያስፈልግም፤ እንዲያውም እንደ ጅቡቲ ባለ ደረቅ፣ አሸዋማ አገር መለማመድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አሸዋ ይመሰክራል። በከተማዋ የሲየስታ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረው እርጥብ አሸዋ ላይ በዱላ ጫፍ ሁለቱን መስመሮች አስምሮ መቆም፣ ያለ ኳስ አሸዋውን እያስነኩ ዱላውን ማወዛወዝ፣ ከዚያ ከቦታው ወጥቶ መመልከት ይቻላል። የእግር አሻራው የትኛው እግር እንደተንሸራተተ ያሳያል፤ ዱላው የጫረው ጭረት ደግሞ ጉዞው ወዴት እንደነበር ይናገራል። ጭረቱ መስመሩን አቋርጦ ወደ ግራ ከሄደ ተጫዋቹ የሚቆርጥ ምት ላይ ነው። በሣር ሜዳ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ የመነሻው ቦታ ጠርዝና የታጨደው ሣር መስመርም ዓይንን ወደማይሆን አቅጣጫ ይመራሉ። ኳስ ግን ሰው በሚንሸራሸርበት ዳርቻ አይመታም፤ ለዚህ ማንም የሌለበት ገላጣ ቦታ መፈለግ ግዴታ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቀድሞ አቋቋሙ የሚመለስበት ቦታ ላይ ደርሰናል። «እንደተባልኩት ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ኳሷ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ቀኝ ሄደች» ይላል። እውነቱን ነው፤ መሆን ያለበትም ይህ ነው። ሰውነቱን ሲያስተካክል ዱላው የሚጓዝበት መንገድ ወደ ዒላማው ቀረበ፤ የዱላውን ፊት የሚከፍተው አሮጌ ልማድ ግን አብሮት አለ። ፊቱ ከዒላማው በአምስት ዲግሪ ወደ ቀኝ ካየ ኳሷ ገና ስትነሳ በዚያው ታመራለች፤ በ200 ሜትር ላይ አምስት ዲግሪ ከ17 ሜትር በላይ ስሕተት ነው። በፊት ይህን የደበቀው ወደ ግራ መዞሩ ነበር። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ኳሷ የወደቀችበት ቦታ ሳይሆን የበረራዋ ቅርጽ ነው። ወደ ቀኝ ተነስታ በአብዛኛው ቀጥ ብላ ከሄደች ክፍተቱ ጠቧል፤ ሥራው ግማሽ ደርሷል ማለት ነው። ያስቸገረው የዱላው ፊት ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ እሱም ለብቻው ሲቀር በግልጽ ይታያል።

«ታዲያ ጥፋቱ የፊቱ ከሆነ ለምን ከአቋቋም እንጀምራለን? አያያዙን አርመን አንገላገልም?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ጠንካራ ተቃውሞ ነው። አያያዝ መታረሙ አይቀርም። ብዙ የስላይስ ተጫዋቾች የግራ እጃቸውን በዱላው ላይ ወደ ግራ አዙረው ይይዛሉ፤ ወደ ታች ሲያዩ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓ እስኪታይ ድረስ እጁን ወደ ቀኝ ማዞር ፊቱ እንዲዘጋ ይረዳል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ትከሻው ክፍት ሆኖ አያያዙን ያጠነከረ ሰው ዱላው አሁንም ወደ ግራ ይጓዛል፤ ፊቱም ተዘግቶ ከጉዞው ጋር ሲስማማ ኳሷ በቀጥታ ወደ ግራ ትበራለች። ያንን ያየ ተጫዋች ደንግጦ ፊቱን መልሶ ይከፍታል፤ ወደ ስላይሱም ይመለሳል። በዚህ ላይ ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሷን እስኪመታ የሚወስደው ሩብ ሴኮንድ ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ ማንም አስቦ የሚያርመው ነገር የለም። አቋቋም ግን ሰው ቆሞ፣ ረጋ ብሎ፣ በመስመር ለክቶ የሚያረጋግጠው የጨዋታው ክፍል ነው። ሊረጋገጥ የሚችለውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ሌላውን ለመመርመር መሠረት ይሰጣል።

ታላላቅ ተጫዋቾችን የሚጠቅስም አለ። ሊ ትሬቪኖ ስድስት ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፏል፤ በ1971 በአሜሪካ ኦፕን ጃክ ኒክላውስን በመለያ ጨዋታ ረቷል፤ የሚቆመው ግን ወደ ግራ ተከፍቶ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነገር ነው። ትሬቪኖ ወደ ግራ ዞሮ ቢቆምም ዱላውን በቆመበት መስመር አልላከውም፤ ከራሱ አሰላለፍ አንጻር ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደ ዒላማው ገፍቶ ይመታ ነበር፤ አያያዙም ጠንካራ ስለነበር ፊቱ በሰፊው አይከፈትም። ከዚህ የሚወጣው ኳስ በጥቂቱ ብቻ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል፣ ተጫዋቾች ፌድ የሚሉት ነው። የእሱን እግር ብቻ የሚኮርጅ ጀማሪ ከትሬቪኖ የወሰደው ቀላሉን ክፍል ነው፤ ስላይሱን የከለከለው ክፍል ሳይወሰድ ቀርቷል።

የነፋሱ ጥያቄ ጅቡቲ ላይ የሚታለፍ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነፋሱ በአብዛኛው ከባሕር፣ ከምሥራቅ ይመጣል፤ በሞቃቶቹ ወራት ደግሞ ከየብስ የሚነሳው ሐሩር ነፋስ፣ ካምሲን፣ አሸዋ ይዞ ይነፍሳል። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ኳሷ አየሩን የምትገጥምበትን ፍጥነት ስለሚጨምር ማንኛውንም መታጠፍ ያጎላዋል። ከግራ የሚነፍስ ደግሞ ሁሉንም ምት ወደ ቀኝ ይወስዳል። «ታዲያ በዚህ ነፋስ ወደ ግራ ማነጣጠር ግድ አይደለም?» ለሚል፣ አዎ፣ ግድ ነው፤ ነገር ግን በምን ዓይነት? ነፋስን ማስላት ማለት አዲስ ዒላማ መምረጥ ነው። አሥር ሜትር ወደ ግራ ያለ ሌላ ምልክት ተመርጦ የዱላው ፊት ወደዚያ ይስተካከላል፤ እግሩ፣ ዳሌውና ትከሻውም ከአዲሱ መስመር ጋር ትይዩ ሆነው ሁሉም በአንድነት ይዞራሉ። ስላይስ ያለበት ሰው የሚያደርገው ግን የዱላውን ፊት ባለበት ትቶ ሰውነቱን ብቻ ማዞር ነው። በዓይን ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ኳሷ ላይ ግን አንደኛው ቀጥ ያለ በረራ ለነፋሱ ያስረክባል፣ ሌላኛው የተጣመመ በረራ ላይ ነፋስ ይጨምርበታል። ስለዚህ ነፋስ ባለበት ቀን ልምምዱን መተው አይገባም፤ ሁለቱን መስመሮች ወደ አዲሱ ዒላማ አዙሮ ማስመር፣ ጭረቱንም ከእነሱ ጋር ማስተያየት ነው።