የመኪና ማሞቂያ ሙቀት ባጣ ጊዜ ምክንያቱን በሥርዓት ስለ መመርመር

የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፥ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት። አየሯ ሞቃት ስለ ሆነ በከተማይቱ የሚነዳ ሰው የመኪናውን ማሞቂያ ብዙ ወር ሳይነካው ይቀራል። ነገር ግን ከዚያው ተነሥቶ በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሀገረ ሰላም የሚወጣ መንገደኛ ከ2,700 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ይደርሳል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና፥ በክረምት ማለዳ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፤ ጉሙ መንገዱን ይጋርዳል፤ የተሳፋሪው ትንፋሽም በመስታወቱ ላይ ላብ ሆኖ ሾፌሩን ከማየት ይከለክለዋል። ያን ጊዜ ማሞቂያው ተከፍቶ ቀዝቃዛ ነፋስ ቢያወጣ፥ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ትንሽ ጉድለት ቆጥሮ ጋቢውን ተከናንቦ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ የማሞቂያው መቀዝቀዝ ሞተሩ ውኃ ማጣቱን አስቀድሞ የሚናገር መልእክተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

ማሞቂያው እንዴት እንደሚሠራ

ነዳጅ በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ከሚገኘው ሙቀት መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ጥቂቱ እጅ ነው። የቀረው ከጢሱ ጋር ይወጣል፥ ወይም ወደ ሞተሩ ብረት ይገባል። ወደ ብረቱ የገባው ሙቀት ካልተወሰደለት ሞተሩን ያበላሸዋል። ስለዚህ ፓምፕ ውኃን በሞተሩ ውስጥ ያዞራል፤ ውኃውም ሙቀቱን ተሸክሞ በስተፊት ወዳለው ራዲያተር ሄዶ በነፋስ ይበርዳል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ እንደ በር ጠባቂ ሆኖ የሚከለክለው ቴርሞስታት ይባላል። እርሱም የውኃው ሙቀት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ይከፈታል።

ከዚህ ሙቅ ውኃ ከፊሉ በአንድ የጎማ ቱቦ ገብቶ በሌላው እየወጣ፥ ከዳሽቦርዱ በስተኋላ በተሰወረ ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል። ማራገቢያው በላዩ ሲነፍስበት ነፋሱ ሞቆ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። እንግዲህ ማሞቂያው አራት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛ ሙቅ ውኃ፥ ሁለተኛ የውኃው መዘዋወር፥ ሦስተኛ ነፋስ፥ አራተኛ ነፋሱን በትንሹ ራዲያተር ላይ የሚመራ መዝጊያ። ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ሙቀት አይገኝም። ሁሉም በየራሱ ምልክት ስላለው ግን፥ መርማሪው በግምት ዕቃ ከመለወጥ ይልቅ ምልክቱን በየተራ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ነፋስ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ነፋስ ከቶ ከሌለ ጉድለቱ ከውኃው አይደለም፤ ፊውዙ ተቃጥሎ፥ ወይም የማራገቢያው ሞተር ሞቶ ይሆናል። ማራገቢያው በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ፍጥነቱን የሚያበርደው የኤሌክትሪክ ክፍል መቃጠሉን ያመለክታል። ነፋሱ የደከመ ከሆነ ደግሞ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ እንደ ሆነ ይታያል።

ነፋሱ ደህና ሆኖ ሙቀት ብቻ ያጣ እንደ ሆነ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጠቋሚ ይመረመራል። ረጅም መንገድ ተሄዶ ጠቋሚው ከታች ካልተነሣ፥ ቴርሞስታቱ ክፍት እንዳለ ደርቆ ሞተሩ ሳይሞቅ እየቀረ ነው። ጠቋሚው ከመካከል ከደረሰ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ በእጅ ይዳሰሳሉ። ሁለቱም ሙቅ ከሆኑ ውኃው ደርሷል፤ በደሉ ከነፋስ መዝጊያው ነው። አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሹ ራዲያተር በዝገትና በዝቃጭ ተደፍኗል፥ ወይም የውኃው መክፈቻ ተዘግቷል። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ውኃው ጎድሏል፥ ወይም በቱቦው ውስጥ አየር ተይዞ መንገዱን ዘግቶበታል። መኪናው ሲሄድ የሚሞቅ፥ ሲቆም የሚቀዘቅዝ ማሞቂያም የውኃ ማነስን ወይም የፓምፕ መድከምን ያስጠረጥራል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ምልክት

አንድ ሾፌር ተሳፋሪ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ማሞቂያው በድንገት ቀዘቀዘ፥ የሙቀት ጠቋሚው ግን ወደ ላይ ወጣ እንበል። ሞተሩ እየጋለ ማሞቂያው እንዴት ይበርዳል? ቢሉ፥ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያመጣው ውኃ አልቋልና ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ሳይዘገይ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ሞተሩን ማጥፋት አለበት። አንድ ኪሎ ሜትር ልጨምር ያለ እንደ ሆነ ቴስታታው ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያም ይቃጠላል፤ ጥቂት ሊትር ውኃ ያድነው የነበረ ሞተር በብዙ ገንዘብም በጭንቅ ይድናል። ጠቋሚው ወጥቶ ማሞቂያው ግን ገና ሙቅ ነፋስ የሚሰጥ ከሆነ፥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ከሞተሩ ጥቂት ሙቀት እያወጡ ወደ ቅርብ ማቆሚያ መድረስ ይቻላል።

መኪናው ከቆመ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው መክፈት ትልቅ አደጋ ነው። ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ፥ በሐዋሳ ከፍታ በ94 ዲግሪ ያህል፥ በሀገረ ሰላም ደጋ በ91 ዲግሪ ያህል ይፈላል። በታሸገው ራዲያተር ውስጥ ግን ግፊት ስላለ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ውኃው ፈልቶ፥ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ የከፋቹን ፊትና ዓይን ይቀቅላል። ስለዚህ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪበርድ፥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ፥ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ አድርጎ መክፈት ይገባል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ስለሚጨመረው ውኃ

የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውኃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ውኃው ወደ ሰማይ ሲተን ማዕድኑ በሐይቁ ይቀራልና ለራዲያተር አይመረጥም። ማዕድን ያለበት ውኃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚያበጅ፥ በትንሹ ራዲያተር ቀጭን ቱቦዎችም እንዲሁ ያበጃል። መልካሙ የተጣራ ውኃን ከኩላንት ጋር ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ቀላቅሎ መጨመር ነው። ብዙው ኩላንት ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነውና ከሕፃናትና ከእንስሳት መራቅ አለበት። በመኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ቢሸት፥ ምንጣፉ ቢረጥብ፥ መስታወቱም በቅባት ጉም ቢሸፈን ትንሹ ራዲያተር ማፍሰሱ ይታወቃል። ደግሞም ውኃ በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ የሚፈስበት ስፍራ ሳይገኝ እየሞሉ መሄድ ሕመምን ሸፍኖ እንደ መኖር ይቆጠራል።

ማሞቂያ የተበላሸበት ሰው ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማኖር ፈጽሞ የለበትም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰውን በእንቅልፉ ሳለ ይገድላል።

በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ መኪና የሚቃጠል ነዳጅ ስለሌለው ሙቀቱን ከባትሪው ኃይል ያገኛል። የማሞቂያው ብልሽትም ከብርቱ ኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል፥ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ያልተማረ ሰው ሊነካቸው አይገባም።

አስተማሪዎችና ሽማግሌዎች ይህን ትምህርት ለልጆችና ለመንገደኞች ሲያስረዱ፥ ዋናው ቁም ነገር ከመኪናው በላይ መሆኑን ያስተውሉ። ይኸውም ትንሽ ምልክትን ሳይንቁ፥ ምክንያቱን በየተራ እየጠየቁ ወደ ሥሩ መድረስ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. ለማሞቂያው የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. ሁለቱ ቱቦዎች ሙቅ ሆነው ነፋሱ ቢቀዘቅዝ በደሉ ከምን ላይ ነው?
3. ሞተሩ ግሎ ማሞቂያው ቢበርድ ሾፌሩ ምን ማድረግ ይገባዋል? ስለ ምን?
4. የጋለ ራዲያተር ክዳን የማይከፈተው ስለ ምንድር ነው?